በስቴፕለር ስለ ተሰፋው የተዋልዶ ምዕራፍና ስለ ታገዱት መምህርት

ቀን፦ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ

አመልካች፦ ላጲሶ አንሼቦ፣ ጡረተኛ መምህር
አድራሻ፦ ቦሌ ሚካኤል

ጉዳዩ፦ የእሸት ሜዳ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህርት ወ/ሮ ማዕዛ ገብረዋሕድ የዓይን ምስክር ሳይሰማ የታገዱበት ውሳኔ እንደገና እንዲታይ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

1. እኔ አመልካች ዕድሜዬን በአማርኛ መምህርነት አሳልፌ በጡረታ የተገለልሁ፣ በአጥቢያዬ የወንጌላውያን ጉባኤ ሽማግሌ ሆኜ የማገለግል ሰው ነኝ። አፌን የፈታሁት በሀዲይኛ በመሆኑ አማርኛን በጥንቃቄ እጽፋለሁ እንጂ አላባክነውም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን የልጄን ልጅ ማራናታ ሉቃስን የማሳድገው እኔ ነኝ። አባቷ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ በቤቱ የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። እናቷ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ደም ፈስሷት አርፋለች። ይህን የገለጽሁት ለማሳዘን ሳይሆን በተራ ቁጥር 4 ለማቀርበው ጉዳይ ስለሚያስፈልግ ነው።

2. ባለፈው ሚያዝያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ በመጣሉ ለልጅቷ ጥላ ይዤ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከብረት በያጆቹ ቤት አጠገብ፣ ሁለት ውሾች በተራክቦ ላይ ሳሉ ተያይዘው መላቀቅ አቅቷቸው ነበር። በሰፈራችን እንደተለመደው ከክፍል የወጡት ተማሪዎች ድንጋይ አነሡ፤ የትምህርት ቤቱ ጥበቃም ዱላ ይዞ መጣ። ከበያጆቹ አንዱ «እነዚህ ሽማግሌ ካልገባ አይፋቱም፤ ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ» ብሎ በእኔ ላይ አሳቀ። በዚህ መካከል መምህርት ማዕዛ ወጥተው ተማሪዎቹን ድንጋይ አስጣሉ። የተናገሩትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ «አልተቀጡም፣ አልታመሙም፤ ተፈጥሯቸው ነው። ጊዜው ሲደርስ ራሳቸው ይላቀቃሉ። ብትጎትቷቸው ሁለቱንም ትጎዷቸዋላችሁ። በሉ፣ ጀርባችሁን ስጧቸውና ግቡ።» ልጆቹም ጀርባቸውን ሰጥተው ገቡ። ያየሁት ይህን ብቻ ነው፤ ከዚህ የተለየ ነገርም አልተደረገም።

3. ከማራናታ እንደሰማሁት፣ በማግስቱ መምህርቷ ተራው የደረሰውን የተዋልዶ ምዕራፍ ማስተማር ጀመሩ። ውሾቹ የተያያዙት የወንዱ አካል በተራክቦ ጊዜ ስለሚያብጥ መሆኑን አስረድተው፣ ከዶሮና ከላም ተነሥተው ወደ ሰው ልጅ ደረሱ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ የእያንዳንዱን ነገር የአማርኛ ስም በሰሌዳ ላይ ይጽፉ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። በዚያ የተነበበው የክስ ጽሑፍ «ተማሪዎችን አሰልፋ የውሻ ተራክቦ አሳየች» ይላል። (ከዓረፍተ ነገሮቹ ብዙዎቹ ማሰሪያ አንቀጽ የላቸውም፤ በዚህ ግን አልከራከርም።) እጄን አንሥቼ በስፍራው እንደነበርሁ ብናገር የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ተስፉ፣ «ጋሼ ላጲሶ፣ የጉባኤ ሽማግሌ ሆነው ለውሻ ጥብቅና ይቆማሉ?» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ፤ ቃሌም በቃለ ጉባኤው ሳይገባ ቀረ። መምህርቷ በዚያው ዕለት ታገዱ። ምዕራፉም በተማሪዎቹ ሁሉ መጽሐፍ ላይ በስቴፕለር ሽቦ ተሰፋ። ሥራው በጥድፊያ የተሠራ በመሆኑ ስለ አፈር የሚናገረው የቀጣዩ ምዕራፍ መግቢያም አብሮ ታስሯል። ርእሰ መምህሩ የሰጡት መመሪያ «የፈለገ ወላጅ በቤቱ ፈትቶ ያስጠና» የሚል ነው።

4. መምህርቷን የማውቃቸው ከዚህ ጉዳይ በፊት ነው። በጥር ወር ማራናታ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ብርድ ልብስ ተከናንባ ዋለች። እህል አልቀምስ አለች። ሆዴን ስላለችኝ ብርድ መስሎኝ ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣኋት። ለካስ የወር አበባዋ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥቶ ኖሯል። ልጅቷ ስለ ደም የምታውቀው እናቷ በደም ምክንያት መሞቷን ብቻ ስለነበር እኔም ተራዬ ደረሰ ብላ ሞቷን ትጠብቅ ነበር። ለእኔ አልነገረችኝም። መምህርት ማዕዛ ከክፍል መቅረቷን አይተው ቤት ድረስ መጡ፤ ከእርሷ ጋር ጓዳ ገብተው ቆዩ። ሲወጡ፣ «አባባ፣ ልጅዎ ጤነኛ ናት፤ አድጋ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለም። የሚያስፈልጋትን ከሱቅ ይግዙላት» አሉኝ። በዚያ ማታ ልጅቷ እራቷን በላች። እኔም ሱቅ ሄጄ መናገር አቅቶኝ ቆሜ ሳለሁ ባለሱቋ ሐሚዳ ነገሩ ገባት፤ ከዚያ ወዲህ ስታየኝ ሳልጠይቅ በጋዜጣ ጠቅልላ ትሰጠኛለች።

5. የርእሰ መምህሩን መመሪያ ለመፈጸም ሞክሬአለሁ። ሽቦውን በቢላዋ ጫፍ ፈትቼ ከልጅቷ ጋር ተቀመጥሁ። የአማርኛ ቃላቱን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ በተማሪዎች ደብተር ላይ አጻጻፋቸውን ስንት ጊዜ አርሜአለሁ። በዚያች ልጅ ፊት ግን አንዱን እንኳ ከአፌ ማውጣት አልቻልሁም። እርሷም፣ «አባባ፣ እኔ አነበዋለሁ፤ እርስዎ ብቻ አይነሡ» አለችኝ። ሳልነሣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አዳመጥሁ። ከማኅፀን ሥዕል ላይ ስትደርስ ንባቧን አቋርጣ፣ «እማዬ የደማችው ከዚህ ጋ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የሚያውቅ ሰው ልጠይቅልሽ አልኋት። የማውቃቸው ሰው ደግሞ የታገዱት መምህርት ናቸው።

6. ክቡር ኃላፊ፣ ልል ሰው እንዳልሆንሁ ይወቁልኝ። ስለዚህ ነገር ወንዶቹና ሴቶቹ ለየብቻ ቢማሩ እመርጣለሁ፤ ይህንኑ ለመምህርቷ ነግሬአቸው አልተስማማንም። አሁንም አሳቤን አልለወጥሁም። ይሁን እንጂ ፈጣሪ ሲሠራው ያላፈረበትን ነገር ከልጆች በሽቦ መሸሸግ ጨዋነት ነው ብዬ መቀበል አልቻልሁም። ውሻ በድንጋይ የሚደበድብ ልጅም ጨዋ ሆኖ አላደገም።

7. የሚከተለውን የምጽፈው እያመነታሁ ነው። ከስብሰባው በፊት በነበረው የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ከማራናታ ክፍል አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ፣ «ቲቸር፣ ሴት ልጅ በመጀመሪያው ጊዜም ታረግዛለች?» ብላ ጠይቃ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷ ዝም ሲያሰኙአቸው ደወሉ ተደወለ፤ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከእርሱ እንጀምራለን» ብለዋት ወጡ። የሚቀጥለው ጊዜ አልመጣም። ያች ልጅ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በክፍል የለችም። አክስቷ በላምበረት መናኸሪያ በኩል ወደ አገር ቤት ይዛት ሄዳለች ይባላል። ስሟን አልጽፍም። ምክንያቱን አላውቅም፤ እናውቃለን የሚሉትንም ከደጃፌ መልሻቸዋለሁ። የማውቀው ጠይቃ ሳይመለስላት መሄዷን ብቻ ነው።

8. ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ፦

ሀ) የምስክርነት ቃሌን በጽሑፍ ተቀብሎ በመዝገቡ እንዲያያይዝልኝ፤ ጉዳዩም ተጣርቶ እስኪወሰን ድረስ የመምህርቷ እግድ ተነሥቶ ወደ ክፍላቸው እንዲመለሱ፤

ለ) ከስምንተኛ ክፍል ፈተና በፊት የተሰፉት ገጾች በትምህርት ቤቱ እንዲፈቱ፤

ሐ) በማጣራቱ ሂደት ማራናታም ሆነች ሌሎች ሴት ተማሪዎች በጎልማሶች ስብሰባ ፊት ቆመው ስለ ገላቸው እንዳይጠየቁ፤ መጠየቅ ያለበት ሰው ካለ እኔ እንድጠራ፤

ትእዛዝ ይሰጥልኝ ዘንድ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። ወንዶችና ሴቶች ተለያይተው ይማሩ የሚለው አሳቤ ከዚህ ውስጥ እንዳልተካተተ ይታወቅልኝ፤ እርሱን የምከራከረው መምህርቷ ከተመለሱ በኋላ ከራሳቸው ጋር ነው።

ትናንት ከአምልኮ ስንመለስ ማራናታ የዚያችን ልጅ ጥያቄ መንገድ ላይ ለእኔው አቀረበችልኝ። ቆም አልሁና «አዎን፣ ታረግዛለች» ብዬ መለስሁላት። ለእርሷ ተመልሶላታል። የቀሩት የክፍሏ ልጆች ግን ይህን እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ የመለሰላቸው የለም።

ለጽሕፈት ቤትዎ ከሚገባው አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ላጲሶ አንሼቦ
የተማሪ ማራናታ ሉቃስ አያትና አሳዳጊ