ጀርባው ያልዳነው ነጭ ፈረስ

ጳጉሜን 3 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ናዝሬት

ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው።

ጋሽ ቶሎሳ ነጩን ፈረሳቸውን አደራ ብለው ወደ እኔ ጋጣ ካስገቡት ክረምቱ አለፈ። ኮርቻ የላጠውን ጀርባውን በየጠዋቱ ለብ ባለ የጨው ውሃ እያጠብኩ፣ ከጋሪ ፈረሶቼ ለይቼ እያሰርኩ፣ ያለ ኮርቻ እያንሸራሸርኩ ነው ቁስሉ ገና ቆዳ መያዝ የጀመረው።

ዛሬ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። የአብዮት በዓልን ሰልፍ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ መምራት አማረው!

«ጓድ፣ ቁስሉ አልጠገገም። ዳማውን ይውሰዱ» አልኩት።

«የአድኃሪ ምክር አልጠየቅኩሽም» አለና ኮርቻውን ራሱ ጭኖ ግቢውን ዞረበት።

ሲወርድ ያ ሁሉ ልፋቴ ተገሽልጦ ደም ይወርዳል። ከእጄ ካልሆነ መኖ የማይበላው ፈረስ ስጠጋው ጥርሱን አገጠጠብኝ። ምን ያድርግ? እኔም የሰውዬው ወገን መስዬዋለሁ።

ጋሽ ቶሎሳ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። «ያ ዋቃ ኮ!» ብለው አምላካቸውን ጠሩ። የራሳቸው ፈረስ እኮ ነው! አፌን ልከፍት ስል ዝም እንድል በዓይናቸው ለመኑኝ። ግን ደሙን በመዳፌ ጠርጌ ሰውዬው ፊት ዘረጋሁለት።

አየውና፣ «ለበዓሉ ቀይ ጨርቅ ጣል አድርጊበት፤ አይታይም» አለኝ።