ስንጥቁ ላይ የለጠፍነው ወረቀት

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ፣

እንዴት ከረምክ? ጤናህስ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ሲሚንቶ እንደተሸከመ ሰው ጎንበስ ብለህ ነው የምትሄደው? እንቅልፍህ፣ ምግብህ ደህና ነው? እኛ ደህና ነን። እማዬ ዓይኗ ቢደክምም ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ልጅህ ሚጢጢ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አሮጊት መስላለች። ናፍቆትህ ግን በርትቶብናል።

ይህን አንተ ወዳለህበት ግንባታ አሸዋ በሚያመላልሰው ሹፌር እጅ የምልክልህ የምትደውልበት ስልክ የአለቃህ ስለሆነ ነው። ነገሩ ሰው ፊት የሚወራ አይደለም።

ዘንድሮ የአንደኛ ክፍል ሳይንስ የማስተምረው እኔ ነኝ። ልጆቹ ደብተር ሲያዩ ያዛጋሉ፤ በእጃቸው ሲነኩ ግን ክፍሉ አይበቃቸውም። ባለፈው ወር ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር በምን ይታወቃል የሚል ትምህርት ጀመርን። የዛፉን ጥላ በጠጠር ምልክት አደረግንበት፤ ባቄላ በብርጭቆ ዘርተን እድገቱን በክር ለካን። ታዲያ ሚጢጢ እጇን አውጥታ ከሰሌዳው ጎን ያለው ስንጥቅስ ይሄዳል ወይ ብላ ጠየቀች። አንተ የእማዬን ጓዳ ግድግዳ የፈተሽክበት ዘዴ ትዝ አለኝ። ስንጥቁ ላይ ቀጭን ወረቀት በዱቄት ሙጫ ለጠፍን፣ ቀኑን ጻፍንበት። ልጆቹ ግምታቸውን ሲናገሩ ሌሎቹ ሁሉ ይሄዳል አሉ። ሚጢጢ ብቻ ተነስታ ወረቀቱ ላይ በራሷ እጅ «አይሄድም፣ አባቴ ነው የሠራው» ብላ ጻፈች። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም የማውቀውን እያወቅኩ ከእሷ ጋር ነበርኩ።

ወረቀቱ በአምስተኛው ቀን ተወጠረ፣ በዘጠነኛው ተቀደደ። ሌላ ለጠፍን፤ እሱ በሦስት ቀን ተቀደደ። ልጆቹ ግምታችን ሠመረ ብለው አጨበጨቡ፣ እኔ ግን በሩንና ወለሉን መፈተሽ ጀመርኩ። በሩ አልዘጋ ብሎ ጥበቃው ሁለቴ በመላጊያ ልጎታል። ብይ ወለሉ ላይ ስናስቀምጥ ማንም ሳይነካት ወደ ግድግዳው ትንከባለላለች። ትናንት ደግሞ ትምህርት መሃል ደረቅ እንጨት ሲሰበር የመሰለ ድምፅ ሰማን፤ ደብተሮቹ ላይ አሸዋ ፈሰሰ። ልጆቹ በሙሉ ሳልጠራቸው እኔ ጋ ተሰበሰቡ። ኑ ሲባሉ የማይሰሙ ልጆች ናቸው እኮ!

ዛፉ ሥር አወጣኋቸው። ዛሬ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ጠርተው ልጆች ከምታስፈራሪ ፊደል ብታስቆጥሪ ይሻላል፣ ስንጥቁ በቀለም ይሸፈናል አሉኝ። መሐንዲስ ይጠራ ብላቸው የገዛ ወንድምሽ የሠራውን ካላመንሽ ማንን ልታምኚ ነው ብለው ሳቁብኝ። ሰኞ ክፍሉ ውስጥ ካልገባን ልጆቹን ለሌላ አስተማሪ ይሰጧቸዋል።

ጋሼ፣ አትቆጣኝ። ሕንጻው ባለቀ ሰሞን ራት አልበላም ብለህ፣ መሠረቱ ዐለት ሳይደርስ ቁፋሮውን እንዳስቆሟችሁና ግድግዳው ጥቁር አፈር ላይ እንዳረፈ ለእማዬ ስትነግራት ከመጋረጃው ጀርባ ሰምቻለሁ። ማን ይሰማኛል ብለህ ዝም አልክ። እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ፣ ዛሬ እዚያው ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ስንት ክንድ እንደቆፈራችሁ፣ ማን እንዳስቆማችሁ በገዛ እጅህ ጻፍና ፈርምበት፤ መሐንዲስ ማስጠራት የምችለው በእሱ ብቻ ነው። ስምህ እንደሚጠፋ፣ ሥራም ሊያሳጣህ እንደሚችል አውቃለሁ፤ አስቤ አስቤ ነው የጠየቅኩህ። ሹፌሩ እሑድ ይመለሳል።

አብሮህ ለሚያድረው ቀለም ቀቢ፣ ምግብ ለምታበስልላችሁም እናት ሰላምታዬን አድርስልኝ። እማዬ ግንባርህን ስማሃለች፤ ይህን መጻፌን ታውቃለች፣ ጻፊ ያለችኝም እሷ ናት። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ሱሪህ ተሰፍቶ ካለቀ ዓመት ሞላው፣ ይውሰድልኝ ብላለች። ሚጢጢ ሁለቱንም ጉንጭህን ትስማለች። የመጀመሪያውን ወረቀት በፖስታው ውስጥ አድርጌልሃለሁ፤ ጽሕፈቷን ታውቀዋለህ።

እሷን ሰኞ ቤት ላስቀራት እችላለሁ። የቀሩትን ሠላሳ ስምንቱን ግን ማን ያስቀርልኛል? ዛሬ ዛፉ ሥር አንገባም ብለው ሲያለቅሱ፣ ልጅህ ጓደኞቿን አንድ በአንድ እያባበለች ነበር፦ አትፍሩ፣ አባቴ የሠራው አይወድቅም፣ ኑ ግድግዳው ጋ ከእኔ ጋር ተቀመጡ እያለች።

እህትህ
ከትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከዛፉ ሥር
ዓርብ ረፋድ፣ ጥር 16 ቀን