የዳዊት ደረቅ ዓይን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ልደታ

ደግነትሽን መላው ጌጃ ሰፈር የሚመሰክርልሽ፣ ለእኔም ከእህት ይልቅ እናት የሆንሽልኝ ክብርት እህቴ አስካለ ሆይ፣ ዛሬ በሠልስትሽ ሐዘንተኛው ወንዱም ሴቱም ስምሽን እየጠራ ሲያለቅስ፣ ልጅሽ ዳዊት ብቻ ጥርሱን ነክሶ ዋለ።

ቀረብ ብዬ ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ቲክቶክ ላይ የምከታተለው ሰውዬ የሚያለቅስ ወንድ ደካማ ነው ይላል» አለኝ።

«አባትህ የተቀበረ ዕለት ደረቴን እየመታሁ ሳለቅስ ደካማ ነበርሁ?»

«እሱ የድሮ ነው፣ ጋሼ።»

ጎረቤታችን አቶ ተካ «ሰውዬው እናቱ አልሞተችበትም ማለት ነው» ቢሉትም፣ ዳዊት ዓይኑን ከስልኩ አላነሣም።

ድንኳኑ ነገ ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያ አብሮት የሚያለቅስ ሰው አያገኝም። እኔን አልሰማኝም፤ ከአንቺ ቃል ግን ወጥቶ አያውቅምና፣ ዛሬ በሕልሙ መጥተሽ አልቅስ በይው።