«በርቺ» የሚጻፈው ለማን ነው?

አስቱዬ፣

በሞት ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ነው። ቤቱ እንደነበረ ነው፤ መኪናሽን ግን አሁን ልጃችን ሳሮን ትነዳዋለች። እሷም አንቺ ነርስ በነበርሽበት የሆስፒታሉ ፎቅ ላይ ዛሬም እየሠራች ነው።

ሰሞኑን ሆስፒታልሽ ፎቶሽን ግድግዳ ላይ ሊሰቅል አስቧል። ከሥሩ «ሪዚሊየንስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ያው ጫናን ችሎ መቆም የሚሉትን፣ በአማርኛም ሊጽፉት ፈልገው፣ የአማርኛ መምህር እንደነበርኩ ሲሰሙ ትርጉሙን ጠየቁኝ። አለቃሽ ደውላ እንዳንቺ ያለ ጠንካራ ሠራተኛ አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ምስጋናው ሲበዛብኝ ጠረጠርኩ። ረዳት ይመደብልን ብለሽ ደጋግመሽ ስትጠይቂ የሰጡሽ መልስ ስለ ጥንካሬ የሚያስተምር ሥልጠና ነበር፤ እሱም በዕረፍት ቀንሽ።

ሳሮን «በርቺ» በላቸው አለችኝ፤ አጭር ነው፣ ሰውም ይወደዋል። ቃሉን ሳገላብጠው ሰነበትኩ። አገር ቤት ስንት ዓመት በተማሪዎች ካርድ ላይ የጻፍነው ቃል ነው። ለጎበዟ «በጣም ጥሩ» እንላለን፤ «በርቺ» የምንጽፈው ለወደቀችው ነው። ጉድለቱ ያንቺ ነው፣ አንቺው አስተካክይው ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ ስንት ልጅ እንደታጨቀ ካርዱ አይናገርም። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ወደቀች የሚሉት ማንን ነው?

ከሌሊት ሥራ ስትመለሺ ከደጃችን ፌርፋክስ መንገድ ላይ ፓርክ አድርገሽ፣ ሳትወርጂ መኪናው ውስጥ ትቆዪ ነበር። መዝሙር እየሰማሁ ነው ትዪኛለሽ። አንድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ በመስኮቱ አየሁሽ፤ ሬዲዮው ጠፍቷል፣ እጆችሽ መሪው ላይ ናቸው። ቤት ስትገቢ የትኛው መዝሙር እንደነበረ ብጠይቅሽ ሳቅሽብኝ። አሁን ሳሮን በዚያው መኪና፣ እዚያው ቦታ ትቀመጣለች። እሷ ደግሞ ፖድካስት እየሰማሁ ነው ትለኛለች። አላመንኳትም።

ስለዚህ ትርጉሙን ትቼ ይህን ጻፍኩላቸው፦ «አስቴር ጎበዝ ነርስ ነበረች። ደክሟት ነበር። ረዳት ጠይቃ ነበር።» ከመላኬ በፊት ለሳሮን አነበብኩላት፤ ከአለቆቿ ጋር እንዳላጣላት ሰግቼ ነበር። አንብቤ ስጨርስ፣

«አባዬ፣ እኔም እኮ ደክሞኛል» አለችኝ።

በርቺ አላልኳትም። ሻይ አፍልቼላት አጠገቧ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ከሥራ ደወሉላት፤ እንደ ልማዳቸው ነገ ተጨማሪ ሰዓት እንድትገባላቸው ነበር። ስልኩን እሷው አንስታ፣ አልችልም አለቻቸው። ምክንያት አልደረደረችም።

ጽሑፉን ከላክኩላቸው ወዲህ ሆስፒታሉ መልስ አልሰጠኝም፤ የሚሰጠኝም አይመስለኝም። ግድግዳቸው ባዶ ይሁን። እኔ የማስታውስሽ በዚያ ጠዋት እንዳየሁሽ ነው፤ እጆችሽ መሪው ላይ፣ ደክሞሽ። ጠንካራ ነበረች የሚለኝን ሰው ሁሉ በሕይወት እስካለሁ አርመዋለሁ።

ያንቺው ግርማ