የፊት መብራቱን የምገጥመው እኔ ነኝ
ሜርል ወንድሜ፣

የአላባማ ፀሐይ አናት ይበሳል። ትናንት እሽቅድምድሙን ያሸነፈችው የእኛ ፋብሪካ ስም ያለባት ቀይ መኪና ናት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው የሠራተኛ ማኅበራችንን ኮፍያ አየና፣ "እትዬ፣ ከዚች ላይ የእርስዎ ሥራ የቱ ነው?" አለኝ።

"የፊት መብራቱ ነዋ! ሃያ ሁለት ዓመት ስገጥም የኖርኩት እሱን ነው።"

"እሱማ ተለጣፊ ሥዕል ነው!" ብሎ በሳቅ ፈረሰ። መኪናዋ አጥሩ ጋ ስትቆም አየኋት፤ እውነቱን ነው። እዚያ ፍሊንት ከተማ ፋብሪካችን ውስጥ አንድ አምፖል እምቢ ካለ ሥራው ሁሉ ይቆማል፤ እዚህ ያለ መብራት ዋንጫ ይወሰዳል።

ቦታ አለቀብኝ። ፐርልን ሳምልኝ፤ የመብራት ክፍላችንን ልጆች ሰላም በልልኝ። ይህን ፖስት ካርድ ግን የማኅበሩ ሰሌዳ ላይ እንዳትለጥፈው። ክፍላችን እንዳይዘጋ ሰኞ የምትደራደሯቸው አለቆች ካነበቡት፣ "ተለጣፊው ይበቃናል" ማለታቸው አይቀርም።

ዋንዳ