«ለቀቅኳት» ያልካት

ደሬዬ፣ የኔ ተጠርጣሪ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ድሮም ስጠይቅህ «ደህና» ብለህ ማቀዝቀዣውን ትከፍት ነበር። እኛ ደህና ነን። ሊዲያ ኮሌጅ ገብታለች፤ ከቤት እየተመላለሰች ነው የምትማረው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሕንፃ ስትጠግን ትውልና የራስህን ቤት ቧንቧ ለነገ ትል ነበር፣ ይኸው ነገ መጣ። እኔም እዚያው ኤርፖርት ነኝ፤ የመንገደኛ ሻንጣ በማሽን አያለሁ። ሳልጠይቀው ፈገግ የሚልልኝ መንገደኛ ዛሬም አይጥመኝም፤ ይፈተሽ እላለሁ።

አንተንም እንደ ሻንጣ ነው የምታይኝ ትለኝ ነበር። ልክ ነህ። ግን ያልተፈተሸ አንድ ኪስ ነበረህ፣ እሱም ቅዳሜ ነው። ይህን የምጽፍልህም ስለ ቅዳሜ ነው። ሌላ ሴት ነበረችህ ወይስ አልነበረችህም? ሌላውን ሁሉ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ቧንቧውንም ጭምር።

ነገሩ የጀመረው ሊዲያ ሚድል ስኩል በገባችበት መከር ነው። ቅዳሜ ኦቨርታይም አለ አልክ። እሺ፣ ይኑር። ግን ሳይነጋ ወጥተህ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ታጥበህ ነበር የምትመጣው። ከሥራ የሚመጣ ሰው እቤቱ ገብቶ ነው የሚታጠበው። ደግሞ የሎሚ ሳሙና ትሸት ነበር፤ እኛ ቤት የሎሚ ሳሙና ገብቶ አያውቅም። ፊትህን ፀሐይ አክስላዋለች። ቀኑን ሙሉ ምድር ቤት የማሞቂያ ቦይለር ሲፈታ የዋለ ሰው የት አግኝታ ፀሐይ ትመታዋለች? ጫማህን ሳራግፍ አሸዋ ወረደ። አንዷን ይዞ ባሕር ዳር ሲንሸራሸር ነው የሚውለው ብዬ አሸዋውን ጠርጌ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ግን ማመኔ አልነበረም፤ ታውቀኛለህ። አሌክሳንድሪያ የምትኖር የሥራ ጓደኛዬ መኪናህን ሠፈሯ አንድ ታውንሃውስ የሚሉት ቤት በር ላይ ቆማ ማየቷን ስትነግረኝማ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የሥራ ቦታህ ቦይለር በየት በኩል ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ እንደገባ ሳስብ ዋልኩ።

ከዚያ ያቺ ስልክ መጣች። በረንዳው ላይ ቆመህ፣ በሩ እንደተዘጋ መስሎህ፣ እንዲህ ስትል ሰማሁህ። «ቢያዩዋት ኖሮ! እንዴት ያለች ቆንጆ መሰለችዎ! ጎትታ ጎትታ ልትገለብጠኝ ነበር። ግን ትንሽ ናት፣ ገና አልደረሰችም። እጄ ላይ ትንሽ አየኋትና ለቀቅኳት።»

እጄ ላይ የነበረውን ንጹሕ ሰሃን ደግሜ አጠብኩት። ትንሽ ናት? አልደረሰችም? ደግሞ በ«እርስዎ» ነው የምታወራው። የአማርኛ «እርስዎ» ወንድ ይሁን ሴት አይለይም፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው፣ ሰውዬው ወይም ሴትዮዋ በዕድሜ የገፉ መሆናቸውን። ባለትዳር ሰው ስለ አንዲት ልጅ ቁንጅና ለትልቅ ሰው የሚያወራው በምን ምክንያት ነው? እኔ አንድ መልስ ብቻ ነው የመጣልኝ። እናቷ ናቸው ብዬ ደመደምኩ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ካልማልኩ ያወራሁ አይመስለኝም። ከተጋባን በኋላ ደግሞ መሐላዬ ሁሉ በአንተ ሆነ። ባለሱቁ በርበሬው የዘንድሮ ነው ሲለኝ «ደሬ ይሙት የአምናው ነው!» እላለሁ። አውቶቡስ ሲያመልጠኝ፣ ወጥ ሲያርርብኝ፣ ደሬ ይሙት። አንተ ግን በእኔ ስትምል ሰምቼህ አላውቅም ነበርና አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን መኪና ውስጥ እንደገባን ያዝኩህ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሄደው ሥራ ነው? ሥራ ከሆነ ሙች በለኝ አልኩህ። ቁልፉን እንደያዝክ መሪውን አየህ። ሁለት ፊደል ነች እኮ፣ ሙች ማለት። «በአንቺ አልምልም» አልክና መኪናውን አስነሳህ። እስከ ቤታችን ድረስ ሬዲዮ ነው ያዳመጥነው። እኔ የማውቀውን አወቅሁ ብዬ ወረድኩ።

ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየህም። ሰኞ ጠዋት የጫማህን ክር እያሰርክ ጎንበስ እንዳልክ ቀረህ። ልቡ ነው አሉኝ ሐኪሞቹ። ልብህ ውስጥ ማን እንደነበር እነሱ በምን ያውቃሉ?

ለቅሶው ላይ ቤቱ ሞልቶ፣ አንዷ ቀድሞ ያመው ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም እንደ ልማዴ «ደሬ ይሙት፣ አንድ ቀን ራሱን አሞት አያውቅም» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሊዲያ እጄን ያዘችኝ። አፌ ከሞትህ ጋር ገና አልተዋወቀም ነበር፣ ደሬ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺን ቃል ከአፌ አላወጣኋትም፤ በርበሬም ያሉኝን እገዛለሁ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ግን አንድ ሰው ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ዞር ስል በሩ አጠገብ ጸጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ከዘራ የያዙ፣ ፈጽሞ የማላውቃቸው ሴትዮ ተቀምጠዋል። ማን ናቸው ብዬ ጠየቅሁ። ከአሌክሳንድሪያ ነው የመጡት አሉኝ። አሃ፣ እናትየው! ለባሌ እንዲያ እያለቀሱ ለእኔ እግዜር ያጥናሽ እንኳ አላሉኝም፤ ዓይኔን ሸሽተው ወጡ። ጥቁሬን ለብሼ የተቀመጥኩት ለማን እንደሆነ ያን ጊዜ ጠፋኝ። ባሌን ነው የማለቅሰው ወይስ የሌላዋን ሰው? ዓመቱ ሲወጣ ሰው ሁሉ ጥቁርሽን አውልቂ አለኝ። ላውልቀው ወይስ ከመጀመሪያውም መልበስ አልነበረብኝም የሚለውን ሳልለይ ጊዜው ሄደ።

ባለፈው መከር ስልክ ተደወለ። ብርሃኔ እባላለሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ ነው አሉ። ከዘራ የያዙት ሴትዮ መሆናቸውን ወዲያው አወቅሁ። «ደረጀ እኔ ዘንድ ትቷት የሄዳት አለች» አሉኝ። «ጉልበቴ አልቻለም፣ ቤቱንም ልሸጠው ነው። ሜዳ ላይ እንዳትቀር መጥተሽ ውሰጃት ልጄ። አትከብድሽም፣ ልጅሽን ይዘሽ ነይ።»

ስንት ዓመቷ ነው ብዬ መጠየቅ አቃተኝ። እሺ ብቻ አልኩ።

ሊዲያን እህት ሳይኖርሽ አይቀርም አልኳት። በእንግሊዝኛ ምን እንዳለች አልጽፍልህም። እሷ ስትነዳ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አንተን እሰድብሃለሁ። በየድልድዩ ሰደብኩህ። አሌክሳንድሪያ ስንደርስ ግን አንድ ግሮሰሪ በር ላይ አቁሚ አልኳትና ገብቼ የልጅ ብስኩትና ጭማቂ ገዛሁ። ልጅ ያለበት ቤት ባዶ እጄን መግባት አልሆነልኝም። ልጅቷ ምን አጠፋች? ዓይኗ ያንተን ከመሰለስ ምን አደርጋለሁ እያልኩ ላስቲኩን ጨብጬ በር አንኳኳሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ክፍሏን ሁሉ በሐሳቤ አዘጋጅቼ ነበር፤ ከሊዲያ ጋር ትተኛለች ብዬ።

እትዬ ብርሃኔ ጋራዡን ከፈቱና አልጋ ልብስ ገለጡ። ቢጫ ጀልባ። ረጅም፣ ጠባብ፣ መሐሉ ላይ አንድ ወንበር ብቻ ያለው፣ ካያክ የሚሉት። «ይቺውልሽ» አሉኝ።

ብስኩቱን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሊዲያ እየሳቀች አለቀሰች ወይም እያለቀሰች ሳቀች፣ አልለየሁትም። እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት ጎንበስ ብዬ የጀልባዋን ውስጥ ማየት ነው። ሥራዬ ነው፣ ምን ላድርግ?

ጀልባዋ የሟች ባላቸው ነበረች። አንተ ማሞቂያቸውን ልትጠግን መጥተህ አየሃትና ዓይንህን መንቀል አቃተህ አሉ። ባልና ሚስቱ እያንዳንዳቸው በየጀልባቸው ቺሳፒክ ቤይ የሚሉት ባሕረ ሰላጤ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረዋል፤ አንተን ያስተማሩህም እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸው እምቢ ሲል አንተ ብቻህን እየሄድክ የዋልከውን ማታ በስልክ ትነግራቸው ነበር። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግህን አሳዩኝ፤ ቀጭን፣ ክሩም የልብስ ስፌት ክር የሚመስል። በወፍራም ዘንግ ጎትቶ ማውጣት ምን ጨዋታ አለው፣ በዚህች ግን ዓሣዋ ስትተነፍስ እንኳ እጅ ላይ ይሰማል አሉኝ። ሮክፊሽ ነው ስሙ፤ ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመር ያለበት ዓሣ። ትልቅ ሲሆን ጀልባዋን ከነሰውየው እየጎተተ ይወስዳል። በጀልባዋ ጎን ማስመሪያ ለጥፈሃል፤ ከሕጉ ቁመት ያጠረች በሕይወቷ ትመለሳለች።

ትንሽ ናት፣ አልደረሰችም፣ ለቀቅኳት። የአማርኛችን ነገር! «እሷ» ብለን የማንጠራው ምን አለ? ድመት እሷ፣ መኪና እሷ፣ ዓሣ እሷ። አንተ በፍቅር ስትጠራ እኔ በፍርሃት ሰማሁ።

የደረሱትን እትዬ ብርሃኔ ናቸው የሚበሏቸው። እዚያው አጽድተህ፣ ሽታው እንዳያሳጣህ በሎሚ ሳሙና ታጥበህ ትወጣለህ። ምክንያቱ እኔ ነኝ፤ ታናሽ ወንድሜ ላንጋኖ ሐይቅ ሰምጦ ስለቀረ ገና ስንጋባ ውኃ ውስጥ አልገባም ብለህ ቃል እንድትሰጠኝ አድርጌህ ነበር። እትዬ ብርሃኔ ይህን ሰምተው ታዲያ ቃልህስ ቢሉህ፣ «ውኃ ውስጥ አልገባም ነው ያልኩት፣ እኔ ያለሁት ውኃ ላይ ነው» አልካቸው አሉ። ሲነግሩኝ ድምፅህን ሰማሁት። እንዲህ ያለ ብልጠት ካንተ ሌላ ማንም የለውም። ለቅሶው ላይ ዓይኔን የሸሹትም ምሥጢርህን በለቅሶ ቤት ማውጣት ከብዷቸው ነው።

መኪና ውስጥ የጠየቅሁህም ቢሆን ገባኝ። ሥራ ነው ወይ ነበር ያልኩህ። ሴት አለችህ ወይ ብልህ ሙች ብለህ እዚያው ትገላግለኝ ነበር። በእኔ በሐሰት ከመማል መጠርጠርን መረጥክ፣ አይደል? ብስኩቱን ሦስታችን ጋራዡ ውስጥ ቆመን በላነው።

ጀልባዋ አሁን ሳሎናችን ውስጥ ናት፣ ከሶፋው ጀርባ። እንግዳ ሲመጣ ምንድን ናት ይሉኛል፤ የባሌ ናት እላለሁ። ሊዲያ እትዬ ብርሃኔን አስቸግራ ተማረች። እኔ እምቢ አልኩ፣ ጮህኩ፣ ወንድሜን አነሳሁ። ከዚያ ተደብቃ ከምትሄድ እያየኋት ትሂድ አልኩ፤ ተደብቆ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚያስከትል አውቀዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አናፖሊስ ከተማ አጠገብ ካለው የባሕር ዳርቻ ቆሜ፣ ወገቤን ይዤ፣ ውኃውን እንደ መንገደኛ እየፈተሽኩ ዋልኩ። ነጫጭ ወፎች አንድ ቦታ ላይ እየተወረወሩ ይጠልቁ ነበር። ሊዲያ ወደዚያ ቀዘፈች፣ ዘንጓ ጎበጠ፣ ጀልባዋ ፊቷን አዞረች፣ የእኔም ነፍስ አብራ ዞረች። ብዙ ታገለችና አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር አንስታ አየችው፣ መልሳም ውኃው ውስጥ ሰደደችው። ከዚያ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ጮኸችልኝ፦ «ማሚ! ትንሽ ናት! ለቀቅኳት!»

እዚያው አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ፣ ደሬ። ያን ዕለት አለቀስኩህ፤ ባሌን፣ አንተን ብቻ።

አንድ ነገር ግን ገና አልፈታሁም። ከጀልባዋ ጋር ሁለት የመንሳፈፊያ ጃኬት ነው ያገኘሁት። አንዱ ያንተ ነው፣ ፀሐይ ያነጣው። ሁለተኛው አዲስ፣ የሴት፣ የመደብሩ የዋጋ ምልክት እንኳ ያልተቆረጠለት። እትዬ ብርሃኔ የእኔ አይደለም አሉ። ለሊዲያ ይጠብባታል። እኔ ለበስኩት፤ ልኬ ነው። ሊዲያ ላንቺ ነው የገዛው፣ አንድ ቀን ሊወስድሽ አስቦ ነው ትለኛለች። ሊሆን ይችላል። ግን የእኔ ልክ የሆነች ሴት ዋሽንግተን ሙሉ ናት። ለእኔ ከሆነ ምን ትጠብቅ ነበር? ፍርሃቴ እስኪለቀኝ? ወይስ እኔ እስክደርስ?

እስኪ ለእኔ ነው በልና ሙች በለኝ ልልህ አሰብኩና ተውኩት፤ ካለህበት ሆነህ ሙች ብትለኝ ምን ላደርግ ነው? ሊዲያ ገና ትምህርቷን አልጨረሰችም።

ጥቁሬን አውልቄያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳርቻው ላይ ያንን ጃኬት ለብሼ እቆማለሁ፤ ምልክቱን ግን አልቆረጥኩትም፣ ነገሩ ገና ምርመራ ላይ ነው። አርጅቼም እጠይቅሃለሁ፣ ስመጣም መጀመሪያ የምጠይቅህ እሱን ነው፣ ተዘጋጅተህ ጠብቀኝ። እስከዚያው አልረሳህም። ያቺን ቃል ከአፌ አላወጣም ብዬ ነበር፣ ዛሬ ግን ሌላ መሐላ አጣሁ።

አልረሳህም፣ ደሬ። አንተ ሙት።

ጽጌህ