ጎህ በማይቀድበት አገር መርዶ

ይድረስ ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም ጌጤነሽ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ክረምት ሊገባ ሲል የእግርሽ ቁርጥማት ይነሣብሽ ነበር፤ ዘንድሮስ እንዴት አደረገሽ? እናታችን እንዴት ናት? ዓይኗ ተሻላት ወይስ አሁንም ሰው የምትለየው በድምፁ ነው? ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ አገሩ ሁሉ ደኅና ነው? ዝናቡስ በጊዜው ጣለላችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም፣ ተመስገን። ስልኩ ሲያስቸግረን ጊዜ ወደ ሞጣ የሚሄድ ደግ ሰው አግኝቼ ይህን በእጁ ላክሁልሽ። ደግሞም በስልክ የማይባል ነገር አለኝ፤ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ፣ አትቸኩዪብኝ።

እዚህ አሁን ፀሐይ የማትጠልቅበት ወራት ነው። መስኮቴን በጥቁር ጨርቅ ጋርጄ እተኛለሁ፤ ብርሃኑ ግን በየቀዳዳው እየሾለከ ትራሴ ላይ ይቀመጣል። ጉም ከባሕሩ ተነሥቶ ተራሮቹን ከወገባቸው በታች ሲሸፍናቸው፣ ራሳቸው ብቻ ሰማይ ላይ ተንሳፍፎ ይታያል። እንቅልፌ ስስ ሆኗል። ተኝቼ ነው ወይስ ነቅቼ የምለው ነገር እየበዛብኝ ሄዷል። አንቺ ብትኖሪ «ድሮስ መቼ ነቅተሽ ታውቂያለሽ!» ብለሽ ትስቂብኝ ነበር።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ጥገኝነት ለሚጠይቁ ሰዎች አስተረጉማለሁ። አንዱን ደንቡን ግን ነግሬሽ አላውቅም። አስተርጓሚ «እሷ እንዲህ ትላለች» አይልም። ሰውየው «እኔ» ሲል እኔም «እኔ» ነው የምለው። ስለ ራሴ መናገር ስፈልግ ደግሞ «እኔ» ማለት አልችልም፤ «አስተርጓሚዋ አልሰማችም፣ ይደገምላት» እላለሁ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደማወራ። በዚህ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንቱን ሆኛለሁ መሰለሽ! በረሃ አቋርጫለሁ፣ ታስሬ ተፈትቻለሁ፣ ሹፌር ሆኜ መኪና ገልብጫለሁ፣ ባሎቼም ጥለውኝ ሄደዋል። አንድ ባል እንኳ ላልቀናት ሴት ይኼ ቀላል ሀብት አይደለም።

ያስቸገረኝ ሕልሙ ነው። የሰው ሕልም አልማለሁ። የማላውቀው ባሕር ዳር ቆሜ በአሸዋው ላይ አንድ እግር ጫማ እፈልጋለሁ፤ ጫማው የወንድ ነው። ስነቃ ባለቤቱ ትዝ ይለኛል፤ በየካቲት ያስተረጎምኩለት የአርሲ ልጅ ነው። እሱ ሕልሙን ለእኔ ትቶልኝ አሁን ደኅና እንቅልፍ ይተኛ ይሆናል። ይሁንለት፤ አልቀየምኩትም።

አሁን በግንቦት መጨረሻ የሆነውን ልንገርሽ። የሰው ምሥጢር ለመጠበቅ ምያለሁና ስም ለውጬ ነው የምጽፍልሽ። ሴትዮዋን ይርገዱ ብያታለሁ። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ነጠላዋን በወፍራም ጃኬት ላይ የምትደርብ ሴት ናት። ከወር በፊት ሌላ መርማሪ ሲያነጋግራትም ያስተረጎምኩት እኔው ነበርኩ። ያኔ ወሬዋ ሁሉ ስለ ወንድሟ ስለ አስናቀ ነበር። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። መንገድ ላይ ተለያይተው እሷ ቀድማ ተሻገረች፤ እሱ በሌላ ጀልባ ሊከተላት ነበር። «አስናቀ ሲመጣ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ይሰጡናል አይደል?» እያለች መርማሪውን ትጠይቅ ነበር።

በዚህኛው ቀን የተመደበው አዲስ መርማሪ ነው። ሃልቫር ይባላል፤ ረጅም፣ እናቱ የሠራችለትን የሱፍ ሹራብ በበጋም የማያወልቅ፣ ቃል ሲያወጣ የሚቸግረው ሰው። ቁጭ አለና ገና ከመጀመሪያው፣ በራሱ ቋንቋ፣ «ስለ ወንድምሽ በጣም አዝናለሁ፤ አስከሬኑ ከባሕር ከወጣ ወዲህ ከዘመድ ጋር ተገናኝታችኋል?» አላት። ሌላ አገር ያለ የአክስቷ ልጅ ሬሳውን ለይቶ ኖሮ፣ ወሬው ወደ መሥሪያ ቤቱ ደርሷል። ሃልቫርም ዘመዷ ነግሯታል ብሎ ነው።

እሷ ፈገግ ብላ ወደኔ ዞራ ትርጉሙን ትጠብቃለች።

እታለም፣ ቃሉ አፌ ውስጥ ደርሶ ቆመ። በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። ማታውን ሐዘንተኛዋ እህል መቅመሷ በዘዴ ይጠየቃል፤ የቅርብ ሰው ይሰበሰባል፤ ጎህ ሲቀድ፣ ከቤቷ ሳትወጣ፣ ስትወድቅ የሚደግፋት ክንድ ከግራም ከቀኝም ተዘጋጅቶ ነው። እዚህ ያለው አንድ ጠረጴዛና ሁለት ባዕድ ሰው ነው። ደግሞ ከሰማች በኋላም ጥያቄው ይቀጥላል፤ በዚህ አገር መኖር አለመኖሯ የሚቆረጠው በዚያ ቀን መልሷ ነው። የወንድሟን ሞት ሰምታ እንዴት ብላ ትመልሳለች? «አስተርጓሚዋ ያልተስተካከለላት ነገር አለ፤ ጥቂት ዕረፍት ትጠይቃለች» አልኩ በሁለቱም ቋንቋ። ይርገዱ ሳቀችና «እሱ የሚያወራው እንኳን ላንቺ ለራሱም የሚገባው አይመስለኝ!» አለች። ደንብ ነውና ይህንንም ተረጎምኩለት።

ኮሪደር ላይ ስንወጣ የሃልቫር ጆሮ ቀልቷል። «የአንቺ ሥራ መተርጎም ነው፣ ስንዱ፤ እምቢ ካልሽ ሌላ ሰው እጠራለሁ» አለኝ። «ጥራ! የሚመጣውም ሐበሻ ከሆነ እዚያው ቃል ላይ ነው የሚቆምብህ» አልኩት። እንጀራዬ እዚያ ኮሪደር ላይ እንደተንጠለጠለ አውቄያለሁ፤ ግን አንዴ ተናግሬያለሁ። እሷ የወንድሟን ሞት አለመስማቷን፣ እኛ ዘንድም መርዶ እንዴት እንደሚነገር አስረዳሁት።

መስኮቱን እያየ «እኔ ያደግሁት ደሴት ላይ ነው፤ አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር» አለኝ። «ማዕበል ከመጣ በኋላ ቄሱ በሥራ ቀን ጥቁር ልብሱን ለብሶ መንገድ ላይ ከታየ፣ ሴቶቹ ሁሉ መስኮት ላይ ቆመው በራቸውን እንዲያልፍ ይለምኑ ነበር። አንድ ቀን እኛን አለፈንና እናቴ ከደስታዋ ብዛት ሳቀች። ወዲያው የጎረቤታችን በር ተንኳኳ። ያቺን ሳቅ እስክትሞት ድረስ ስትጸጸትባት ኖረች።» «ታዲያ እናንተም መርዶ ነጋሪ አላችሁ!» አልኩት። «ነበረን፤ አሁንም አለን። እኔ ነኝ የረሳሁት» አለ።

ተመልሶ ቃለ መጠይቁ ለሌላ ጊዜ መዛወሩን ነገራት። ይርገዱ ግን ደነገጠች። «ምን አጠፋሁ? ውሸታም መሰልኩት? እባክሽ እህቴ፣ በእናትሽ ሞት ንገሪኝ!» አለችኝ። ለእኔ ብላ የተናገረችውን ለእሱ ተረጎምኩለት፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? «ምንም አላጠፋሽም» አላት። እኔም በእሱ አፍ «ምንም አላጠፋሽም» አልኳት፤ እጇን ልይዛት ፈልጌ እጄን ጭኔ ላይ አጣብቄ ያዝኩት።

ከዚያ በኋላ ነገሩን የያዙት ሌሎች ናቸው። ጥገኝነት ጠያቂዎቹ በሚኖሩበት ማረፊያ ከይርገዱ ጋር አንድ ክፍል የሚኖሩ እትዬ ዝማም የሚባሉ የጅማ ሴት አሉ፤ የማረፊያው ነርስ ጠራቻቸው። በስልክ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ሃልቫር ተጨንቆ «ጎህ ሲቀድ ነው ተብያለሁ፤ ግን እዚህ ፀሐይ አትጠልቅም፤ ጎህ የምትሉት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። እትዬ ዝማምም «ይኼ ሰውዬ ልጅ ነው እንዴ? ሰው ተኝቶ ሲነሣ ነዋ!» አሉት። የከተማው ቄስ አብራ እንደምትመጣና ቄሷም ሴት መሆኗን ሲሰሙ «ደግ አደረጉ። ለቅሶ ላይ ወንድ ምን ያውቃል?» አሉ።

በነጋታው ማለዳ ወደ ማረፊያው ሄድን። ጥንት ሆቴል የነበረ፣ ባሕሩ ጥግ የተሠራ የእንጨት ቤት ነው። ጉሙ ወርዶ ደጃፉ ላይ ተኝቷል፤ ፀሐይዋ ከጉሙ በላይ ሆና ሁሉን ነገር ነጭ አድርጋዋለች። የራሴን የእግር ኮቴ አልሰማም ነበር። የነቃሁም አልመሰለኝ፤ ከሰው ሕልም በአንዱ ውስጥ የምሄድ ነበር የመሰለኝ። እትዬ ዝማም ቀድመው ተነሥተው፣ ሦስት ሴቶች ይዘው የክፍላቸው በር ላይ ቆመዋል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ሃልቫርም መጥቷል። ሥራው አልነበረም፤ ሹራቡን አውልቆ ጥቁር ኮት ለብሷል።

ቄሷ የምትናገረውን አዘጋጅታ ነበር፤ እኔም ቃላቱን በልቤ ደርድሬያለሁ። ምን ዋጋ አለው! ይርገዱ በሩን ከፈተች፣ ዓይኗን አሻሸች፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁትን ሴቶች በማለዳ ቆመው አየች። አበቃ። የሚተረጎም ነገር አልነበረም። «አስናቀ!» አለችና እትዬ ዝማም ክንድ ላይ ወደቀች።

ሴቶቹ አቅፈው አስቀመጧት። ደረቷን እየመታች ማልቀስ ጀመረች፤ ልቅሶዋ ቆይቶ ዜማ ያዘ፦

«ዋና አላስተማርኩህ፣ ወንዝ የለም በደጄ፣
ባሕር ወሰደብኝ ያዘልኩትን ልጄ።»

ቄሷ ዓይኗ እንባ ሞልቶ በጆሮዬ «ምን እያለች ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ደንብ ደንብ ነው፤ በሹክሹክታ መተርጎም ጀመርኩ። «በደጃችን ወንዝ ስለሌለ ዋና አላስተማርኩትም። ወንድሜን አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነበርኩ» አልኩ። «ወንድሜ» ስል መተርጎሙን ተውኩት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሰው «እኔ» ስናገር አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ከይርገዱ እኩል አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለአስናቀ አልነበረም። የታየኝ የእኛው ወንድም ደምሰው ነው፤ እኔ ጀርባ ላይ ሆኖ ሹሩባዬን እየጎተተ።

እታለም፣ ከኅዳር ወዲህ የደምሰውን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። «እርሻ ወርዷል» አልሽኝ። «ስልኩ ተሰበረ» አልሽኝ። ፋሲካ ላይ «ለሥራ ጎንደር ሄዷል» አልሽኝ። እናታችንም በስልክ ስትመርቀኝ ድሮ ሁለታችንን አንድ ላይ ነበር የምትጠራን፤ አሁን ስሜን ብቻ ጠርታ ድምፅዋ ይቆረጣል። እኔም አምኜ ሳይሆን ፈርቼ ዝም አልኩሽ። ለእኔ አዝነሽ፣ ብቻዋን በሰው አገር እንዴት ትሆናለች ብለሽ ነው፤ አውቃለሁ፣ አልተቀየምኩሽም። ግን ስታዝኑ ከመካከላችሁ አውጥታችሁ ውጭ አታስቀምጡኝ። ይርገዱ ቢያንስ የተደገፈችበት ክንድ ነበራት፤ የራሷንም ለቅሶ በራሷ አፍ አለቀሰች። ሁለት ሳምንት ቆይታ ጥቁር ለብሳ ለጥያቄው ስትመለስ፣ ሃልቫር ከወንበሩ ተነሥቶ ነው የተቀበላት። ቀጥ ብላ መለሰች፤ ውሳኔው ገና አልመጣም።

እኔም እዚህ ሰው አለኝ። የማርያም ማኅበርተኞቼ አሉ፤ የሰብሳቢያችንን የወይዘሮ አስካለን ስልክ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሻለሁ። መርዶውን ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ንገሪያቸው። ሰው ተኝቶ ሲነሣ መጥተው በሬን ያንኳኳሉ፤ እኔም ቆመው ሳያቸው ይገባኛል።

እናታችንን ጉልበቷን ስሜያለሁ። አቶ ሞገስን፣ ባልሽን፣ ሳላቸውን እንዲጠነቀቁ ንገሪልኝ። ማኅሌትን ግንባሯን፣ ትንሹን ዮናታንን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። ጎረቤታችን እማሆይ በጸሎታቸው እንዳይረሱኝ አደራ። ለደምሰው ሰላምታ ልጽፍ እጄ ይነሣና ይመለሳል። ካለ፣ ይህን ወረቀት ከእጅሽ ነጥቆ ያንብበውና እስኪበቃው ይሳቅብኝ፤ እኔም ስድቡን በስልክ ልስማው። ከሌለ ግን፣ እህቴ፣ በእኔ ተራ ላልቅስለት፤ አዝዬዋለሁ።

እህትሽ ስንዱ
ትሮምሶ፣ ኖርዌይ
ሰኔ ፳፫ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.